የ65ቱን እና የ87ቱን ማስታንግ ስታወዳድሩ ወረቀት ላይ ባለው ቁጥር እንዳትሸወዱ

የ1965 ፎርድ ማስታንግ ልግዛ ወይስ የ1987ቱን ጂቲ ብላችሁ የምታመነቱ ካላችሁ መጀመሪያ የፈረስ ጉልበቱን ነገር እናጥራው። የ65ቱ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 (ባለ 8 ሲሊንደር) ባለ አራት አፍ ካርቡሬተሩ 225 ይላል፣ የ87ቱ ባለ 5.0 ሊትር ቪ8ም 225 ይላል፣ ሰው ይሄን ያይና እኩል ናቸው ይላል፣ ግን አይደሉም። በፊት አሜሪካ ውስጥ ሞተሩን ለብቻው አውጥተው ያለ አየር ማጣሪያ ያለ መኪናው ማርሚታ ነበር የሚለኩት፣ ሁሉ ነገር እንደተገጠመ መለካት የተለመደው ከ1972 ሞዴል ወዲህ ነው። ስለዚህ በአንድ ሚዛን ካስቀመጣችኋቸው የ65ቱ በደንብ ዝቅ ይላል።

የ65ቱ ሞተር አብሮት የተወለደ መሆኑን ለማየት ሻንሲ ቁጥሩ ላይ አምስተኛዋን ምልክት እዩ፣ ሲ ከሆነ 200፣ ኤ 225፣ ኬ ደግሞ 271 ፈረስ ነው፣ ቲ ካለ ባለ 6 ሲሊንደር ነበር ማለት ነው። የጎማ ቡሎንም ቁጠሩ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ 4 ነው ቪ8ቱ 5። (87ቱ ላይ ይሄ አይሰራም፣ እሱ ቪ8 ሆኖም 4 ነው።)

ከሁሉ በላይ ግን ዝገት ነው! 65ቱ ላይ ከፊት መስታወቱ ስር ባለው የአየር ማስገቢያ ወንፊት በጆግ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ሌላ ሰው ውስጥ ተኝቶ በባትሪ ከዳሽቦርዱ ስር ይይ፣ ጠብ ካለ ላሜራው ውስጥ ለውስጥ ተበልቷል፣ በብየዳ የተያያዘ ስለሆነ ፈልቅቆ ማውጣት የግድ ነው፣ እኔ ብሆን ሻጩ በጠራው ዋጋ አልገዛም። 87ቱ ላይ ደግሞ ከስር ግቡና የኋላው አክሰል ክንዶች የሚታሰሩበትን ላሜራ እዩት፣ እሽቅድድም የለመደ መኪና እዛ ጋ ይቀደዳል።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። 65ቱ የፍሬን ፖምፓው ባለ አንድ ክፍል ነው፣ አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፣ ስለዚህ ከገዛችሁት ከምንም በፊት ባለ ሁለት ክፍል አስገጥሙለት።

87ቱን ስትሞክሩት በደንብ እስኪግል ንዱት፣ የማቀጣጠያው ሞጁል ዲስትሪቢውተሩ ላይ ስለተለጠፈ ሙቀት ይጎዳዋል፣ ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

በየቀኑ የምትነዱት ከሆነ 87ቱን ውሰዱ፣ 65ቱን ቅዳሜና እሁድ ኮፈኑን ከፍቶ ካርቡሬተር ማስተካከል ደስ ለሚለው ሰው ተዉለት።