ኤፒ አርት ሂስትሪ ለምታጠኑ፦ ሥራዎቹን በጥንድ ያዙ
ሀዋሳ ሆናችሁ ይህን ኮርስ የምታጠኑ ልጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። ኮርሱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጥ፣ በኮሌጅ ደረጃ ያለ የአሜሪካ የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት ነው፤ የ250 ጥበብ ሥራዎች ዝርዝር አለው። ስምና ዘመን ብቻ ከሸመደዳችሁ የፈተናው የጽሑፍ ጥያቄዎች ላይ ትቸገራላችሁ፤ እዚያ የሚጠየቀው ሥራው ለምን እንዲህ ተሠራ፣ ከሌላው ጋርስ በምን ይመሳሰላል የሚለው ነው።

ስለዚህ በጥንድ አጥኑ፤ አንዱን ከአገራችን ምረጡ። ለምሳሌ ዮርዳኖስ አገር ያለው ጥንታዊ ከተማ ፔትራ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጋር አስቀምጡት። ሁለቱም ከዓለት ተፈልፍለዋል። ግን የፔትራው ግምጃ ቤት የሚባለው ገደሉ ላይ የተቀረጸ ፊት ነው፣ ዓምዶቹም የግሪክና የሮም ዓይነት ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ተቆፍሮ በአራቱም በኩል ከዓለቱ ተለይቶ፣ በመስቀል ቅርጽ የቆመ ነው። ይህን ልዩነት አንዴ ካያችሁት አይጠፋችሁም! ፈረንሳይ ያለውን የሻርትር ካቴድራል ባለቀለም መስታወትም ከሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ (አዲስ አበባ) መስኮቶች ጋር አያይዙት፤ አንዱ ሃይማኖት፣ ሌላው የአፍሪካ ነፃነት።

ገለጻ ለመለማመድ ደግሞ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። ከምን ተሠራ፣ ለምን አገልግሎት፣ ዓይን መጀመሪያ የት ያርፋል? 15 ደቂቃ ያዙና ጻፉ። በእኔ እምነት ከማንኛውም ማጠቃለያ ወረቀት ይበልጣል።

የሥራዎቹን ምስሎች ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጥናታችሁ እንዳይቋረጥ።