የጨዋታ ሰዓት እንዳይምታታባችሁ
ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ የኳስ ወዳጆች፣ አውሮፓውያን በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመልሳሉ፤ የእኛ ግን አይነካም። ስለዚህ ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ይጀምር የነበረው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ይገፋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የነበረው የቻምፒየንስ ሊግ ደግሞ 5 ሰዓት ይሆናል፤ እስከ መጋቢት አጋማሽም እንዲሁ ይቆያል። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነውና ባጃጅ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ከሰፈር ሰው ጋር ተቀጣጥራችሁ ውጡ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እኮ አጥንት ሰርስሮ ይገባል! ጃኬት ብቻውን አይበቃም፤ ጋቢ ደርቡበት። የመንዝ በርኖስ ያለው ሰውማ የታደለ ነው፤ ለዚህ ብርድ እንደ በግ ጠጉር የሚሆን የለም።