በአንድ በግና በአንድ ስልክ፦ እንስሳ የሚያወራበት የቤተሰብ ኮሜዲ እንዴት ይሰራል

ለበዓል የተገዛ በግ ግቢያችሁ ውስጥ ታስሮ ከሆነ ዋናውን ተዋናይ አግኝታችኋል። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ፉርሽካ ይበቃዋል። ስልካችሁ ደህና ቪዲዮ ካነሳ፣ ቤት ውስጥ አንዲት ቀልድ የሚገባት ልጅና አንዲት በትንሽ ነገር የሚገረሙ እማማ ካሉ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ኮሜዲ ይወጣችኋል። ይህን የምጽፈው ገንዘብ ላላቸው አይደለም። እነሱ ኮምፒውተር ላይ በግ ያሰሩ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አፉን እንዴት ነው የማንቀሳቅሰው?» ብሎ ነው። ረጋ በሉ። አፉ የመጨረሻ ስራ ነው፣ አንዳንዴ ጭራሽ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሆምዋርድ ባውንድ» ላይ ሁለት ውሾችና አንዲት ድመት ፊልሙን ሙሉ ሲያወሩ የአንዳቸውም አፍ ንግግሩን አይከተልም፤ ድምጽ ብቻ ነው የተደረበባቸው። ልጆች ግን አንድም ጥያቄ ሳያነሱ ያዩታል። በተቃራኒው፣ በደንብ ያልተሰራ የሚንቀሳቀስ አፍ ሙሉ ፊልም ያበላሻል፤ ተመልካቹ ቀልዱን ትቶ የአፉን ጉድ ማየት ይጀምራል። እንግዲህ ጉልበታችሁን የምታፈሱት ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ የበጉ ዓይን ላይና የሚሰማው ሰው ፊት ላይ።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ የፊልም ሰው ያደረገው ዝነኛ ሙከራ አለ። ምንም የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ከተኛች ልጅ፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ጋር ቀጣጠለው። ፊቱ ያው አንድ ፊት ነው። ተመልካቹ ግን ራበው፣ አዘነ፣ ወደዳት ብሎ አነበበው። በግ ደግሞ ያን ፊት ይዞ ነው የተወለደው! አስር ሰከንድ ፊቱን ቅረጹ። ቀጥሎ ቢላ እየሳለ የሚያንጎራጉር አባት። መልሳችሁ ያንኑ ፊት። አንድ ቃል ሳይነገር ቤቱ ይስቃል።

ታሪኩን በተመለከተ ብዙ አልቆይም፤ አጭርና ቀላል ይሁን። በጉ ለበዓል ተገዝቶ ይመጣል፣ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ ትንሿ ልጅ ብቻ ትሰማዋለች። በቃ። ማን እንደሚሰማው ከወሰናችሁ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው አትቀይሩት። መሀል ላይ ለቀልድ ብላችሁ ጎረቤትም እንዲሰማው ካደረጋችሁ የልጅቷ ብቸኝነት ይጠፋል፣ ያ ሲጠፋ ደግሞ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል። ለምን እንደሚያወራ ደግሞ አታስረዱ። ጠበል ጠጥቶ ነው፣ መብረቅ መትቶት ነው ማለት አያስፈልግም። ጅብና አህያ ሲከራከሩ፣ ጦጣ አንበሳን ስታታልል እየሰማን ነው ያደግነው፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ተመልካች ምክንያት አይጠይቅም።

አንድ ችግር አለ። መጨረሻ ላይ በጉ ምን ይሆናል? የቤተሰብ ፊልም ነው ካላችሁ ማምለጫ አዘጋጁለት፣ አለዚያ ልጆቹ እያለቀሱ ይተኛሉ። እኔ የምወደው አባትየው በስተመጨረሻ ተሸንፎ ቅርጫ የሚገባበትን ነው። በሬው ንግግር ስላልተሰጠው ማንም አያዝንለትም።

አሁን ብዙዎች የሚገለብጡት ነገር ላይ ደረስን። የበጉን ንግግር ቀድማችሁ ጽፋችሁ በጉ እንዲተውንላችሁ አትጠብቁ። የሰዎቹን ንግግር ጻፉ፣ የበጉን ባዶ ተዉት። መጀመሪያ ቅረጹት፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ያነሳችሁትን እዩ፤ ጆሮውን የጣለበት፣ ድንገት ዞር ያለበት፣ ያስነጠሰበት ቦታ ላይ ምን ሊል እንደሚችል ጻፉ። ማስነጠስ በጣም ጥሩ ነው፤ ከማስነጠሱ በፊት «እውነቱን ልንገርሽ...» ካለ ቀልዱ በነጻ መጣ።

እንዲህ ያለ ትዕይንት ውሰዱ፦

እማማ የበጉን ወገብ ይዳስሳሉ። «ትንሽ ሳይከሳ አልቀረም» ይላሉ።
በጉ ልጅቷን ያያል። «ልክ ናቸው። ለሚቀጥለው ዓመት ነው የምደርሰው በያቸው።»
ልጅቷ፦ «ለሚቀጥለው ዓመት ነው የምደርሰው ይላል።»
እማማ፦ «ማነው የሚለው?»
በጉ ሳር ይግጣል።

ሳቁ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። «ማነው የሚለው?» ከተባለ በኋላ ሁለት ሙሉ ሰከንድ ዝም በሉ፣ የእማማን ፊት ያዙ፣ ከዚያ ሳር የሚግጠውን በግ አሳዩ። ሳሩን ሲግጥ ያነሳችሁት በሌላ ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ ማንም አያውቅም። እዚያ ላይ በጉን ሌላ ነገር ካስወራችሁት ገደላችሁት።

ድምጹን ማን ይስራ? እባካችሁ ቀጭን የካርቱን ድምጽ አታድርጉበት። ረጋ ያለ፣ ትንሽ የደከመው የአጎት ድምጽ ይሻላል። ስብሰባ እንደለመደ ሰው «በዚህ ዙሪያ አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚል በግ አስቡት። እማማን «እርስዎ» ይበላቸው፣ ወገቡን እየለኩትም ቢሆን። ትህትናው ራሱ ቀልድ ነው። የአንድን አካባቢ አነጋገር ማሾፊያ ማድረግ ግን ይቅርባችሁ፤ ርካሽ ነው፣ ደግሞ ፊልሙን የሚያየው ቤተሰብ ከየት እንደመጣ አታውቁም።

ቀረጻ። ተንበርከኩ! ቆማችሁ ቁልቁል ካነሳችሁት በጉ በግ ነው፤ ስልኩን በዓይኑ ልክ ዝቅ ካደረጋችሁት ግን ሰው ይሆናል። ሌንሱን በልብሳችሁ ጠርዝ ጥረጉ፣ ስልኩን አጋድማችሁ ያዙ። ቀትር ላይ ነጭ በግ ሲነሳ ቦግ ብሎ ፊቱ ይጠፋል፤ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ወይም ከሰዓት ከአስር በኋላ ቅረጹ፣ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ተጭናችሁ ብርሃኑን ትንሽ አውርዱና ቆልፉት። ቤት ውስጥ በአምፖል ስትቀርጹ ምስሉ የሚርገበገብባችሁ ከሆነ፣ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው። ስልኩን በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ አድርጉት፤ ሹተሩን (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ማስተካከል የሚያስችል አፕ ካላችሁ 1/50 ሰከንድ ላይ አቁሙት።

በጉ ወደ ካሜራ እንዲያይ ከስልኩ ጀርባ አንድ ሰው ፌስታል ያንኮሻኩሽ። ጆሮው ቀጥ ይላል፣ ያያል። ግን ይህን ደጋግማችሁ አታድርጉት፤ ውስጡ ምንም እንደሌለ ከገባው ጀርባውን ይሰጣችኋል። አልፎ አልፎ እውነተኛ ፉርሽካ ወይም ትንሽ ጨው ይቅመስ። ልጅቷን ስትቀርጹ ደግሞ በጉ በቦታው ባይኖር ይሻላል፤ አንድ ሰው በበጉ ቁመት ተንበርክኮ የበጉን ንግግር ያንብብላት፣ ዓይኗ ትክክለኛ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ሳቋም የምር ይሆናል።

ብቻውን የታሰረ በግ ይጮሃል፣ ምክንያቱም መንጋ የለመደ እንስሳ ነው። የጎረቤትን በግ ለአንድ ሰዓት አጠገቡ ማቆም ጩኸቱን ያስታግሳል (ሁለቱ ከተመሳሰሉ ደግሞ ምትክ ተዋናይ አገኛችሁ)። ግልገል ወይም ጫጩት ከመረጣችሁ ቀረጻውን በሁለትና ሦስት ቀን ጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው «ቤብ» ላይ አንዱን የአሳማ ግልገል ለመስራት 48 ግልገሎች ተፈራርቀዋል፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚያድጉ። እናንተ 48 ግልገል ከየት ታመጣላችሁ? በየቅዳሜው እየቀረጻችሁ ሁለት ወር ከቆያችሁ ጫጩቷ መሀል ላይ ዶሮ ሆና ትመጣለች።

ወደ አፉ እንምጣ። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ሚስተር ኤድ» የሚባል የሚያወራ ፈረስ የነበረበት የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ፈረሱ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው የኦቾሎኒ ቅቤ ተቀብቶለት ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ተወራ። አብሮት የሚተውነው አለን ያንግ ኋላ ላይ ወሬውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ አለ፤ መጀመሪያ ላይ ክር ነበር የተጠቀሙት። እናንተ ክርም ቅቤም አትሞክሩ። እንስሳው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም። ጥላና ውሃ ይኑረው፣ ግማሽ ሰዓት ቀርጻችሁ አሳርፉት፣ ቀንዳም ከሆነ ደግሞ ልጅን ከፊቱ አታስቀምጡ።

ክር የማያስፈልገው ዘዴ በነጻ አለላችሁ። በግ፣ ፍየልና ላም ያመሰኳሉ። ከበሉ በኋላ ተኝተው ሲያርፉ ጠብቋቸው፤ አንዱን ጉርሻ ለአንድ ደቂቃ ገደማ ያኝኩታል፣ ይውጡታል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ብለው ሌላ ያወጣሉ። ይህ ማለት የሚንቀሳቀስ አፍ ከነአራት ነጥቡ ተሰጣችሁ ማለት ነው። ንግግሩን ማኘኩ ላይ አድርጉ፣ ዝምታውን መዋጡ ላይ። በትክክል ባይገጥምም ሰው ያልፈዋል። አህያና ፈረስ አያመሰኩም፣ ስለዚህ አህያ ከመረጣችሁ በጆሮው ተጠቀሙ፤ ለአህያ ጆሮው ከአፉ በላይ ይናገራል።

የግድ አፉን በኤዲቲንግ ማንቀሳቀስ ካማራችሁ፣ ካፕካት ወይም ነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃል። ራሱን የማያንቀሳቅስበትን ሦስት አራት ሰከንድ ምረጡ። ቪዲዮውን ደርቡት፣ ከላይ ባለው ላይ የታችኛውን መንጋጋ ብቻ በማስክ (የከለላችሁትን ክፍል ብቻ በሚያስቀረው መሳሪያ) ቁረጡ፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ ከስር ጥቁር ቡናማ ቀለም አስገቡ፣ ከዚያ መንጋጋውን በኪፍሬም (በየቅጽበቱ የት እንደሚሆን በሚመዘግበው ምልክት) ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ላይ። ትንሽ ነው ያልኩት! በጉ አይዘፍንም። እያንዳንዱን ፊደል አትከተሉ፤ ሦስት ነገር ይበቃል። መ፣ በ እና ፐ ሲመጡ አፉ ይዘጋ። ራብዕ ሲመጣ (ማ፣ ላ፣ ና) ይከፈት። የቀረው ሁሉ መሀል ላይ ይሁን። «በላሁ» የሚለውን ብትወስዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይመለሳል፤ አለቀ። በጉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አፉን ብቻ አታሳዩ፣ ግማሹ ላይ ወደ ልጅቷ ፊት ቁረጡ። ስራችሁም በግማሽ ይቀንሳል።

ድምጽ ላይ አትቆጥቡ፤ ምስል ትንሽ ቢደበዝዝ ይታለፋል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታለፍም። ከተማ ውስጥ ጸጥታ የለም፣ ስለዚህ ማታ ሰው ሲተኛ ጋቢ ተከናንባችሁ፣ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ቅረጹ። ይሞቃል፣ ግን ማስተጋባቱን ይውጠዋል። ችግሩ እንዲህ የተቀረጸ ድምጽ ከመጠን በላይ ንጹህ ሆኖ ከላይ የተለጠፈ ይመስላል። መፍትሄው ሁለት ነው። ማንም ሳይናገር የግቢውን ድምጽ አንድ ደቂቃ ቅረጹና ከስር አንጥፉት። ሁለተኛ፣ ከንግግሩ በፊት የበጉን የራሱን ትንፋሽ ወይም አጭር «ባ» አስቀድሙ። ድምጹ ከበጉ ሆድ የወጣ ያህል ይሆናል፤ እንደዚህች ትንሽ ነገር የሚሰራ አላየሁም።

በግ የሌላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር አፓርታማ ውስጥ ያላችሁ፣ ድመት ወይም ውሻ ይሆናል። ድመት አጭር አጭር ንግግር ነው የሚያምርባት፤ ፊቷ ራሱ «እና?» የሚል ነው። እንስሳ ጭራሽ ከሌለ አሻንጉሊት አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረችው የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ዋ ቀጭኔ አሻንጉሊት ናት፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር በትንሽ አቅም የጀመረችው ስራ ነው። ስንት ልጅ ነው ከእሷ ጋር ያደገው! ካልሲ፣ ሁለት ቁልፍና ጥሩ ድምጽ ያለው ሰው ካላችሁ ሰበብ የላችሁም።

ሙዚቃ ከታወቀ ዘፈን አትውሰዱ። ዩቲዩብ በራሱ ያገኘውና ገቢው ለዘፈኑ ባለቤት ይሄዳል፣ ወይም ቪዲዮው ይታገዳል። ክራር የሚችል ጓደኛ ፈልጉ፣ ካልተገኘ ፉጨት።

ከመልቀቃችሁ በፊት ለሁለት ሦስት ልጆች አሳዩና እናንተ ስክሪኑን ሳይሆን እነሱን እዩ። ዓይናቸውን ያነሱበትን ቦታ ያለ ርህራሄ ቁረጡ፣ ምንም ያህል ብትለፉበት። የፊት ገጹ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ የበጉ ፊት ይሁን፤ የሚጮሁ ሰዎችና ቀይ ቀስት አይኑርበት።

የሚለቀቅበትን ጊዜም አስቡበት። የገናን በግ ቅረጹ፣ በሁዳዴ ኤዲት አድርጉ፣ ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ልቀቁት። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ «በዓሉ» በሉ እንጂ የትኛው በዓል እንደሆነ አትናገሩ። ከፋሲካ በኋላ ካላችሁ ግን ይቅር፤ ያን ሰሞን ስለ በግ ማሰብ የሚፈልግ ሰው የለም፣ ሁሉም ጠግቧል።