ከተለያዩ ኪቶች የተገጣጠመ ምናባዊ አውሮፕላን፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሄው

ከሁለት ወይም ከሦስት የፕላስቲክ ኪቶች (ተገጣጥመው የአውሮፕላን ሞዴል ከሚሆኑ የክፍሎች ስብስቦች) ክፍሎችን ወስዶ በየትኛውም አገር ያልተሠራ አውሮፕላን መገጣጠም ነፃነት የሞላበት ሥራ ይመስላል። ነፃነቱ እውነት ነው፤ ሆኖም እውነተኛ አውሮፕላን ምንም ያህል እንግዳ ቅርጽ ቢኖረው ፎቶግራፉ ሲመሰክርለት፣ ምናባዊው ግን ምስክር ስለሌለው «ይህ ነገር መብረር ይችላል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ ይዳኛል። ከዚህ በታች የቀረቡት ችግሮች አብዛኛዎቹ ዓይን ውስጥ የሚገቡት ሞዴሉ ሲቀባ ነው፤ የሚፈጠሩት ግን ሙጫው ከመከፈቱ በፊት፣ ክፍሎቹ በሚመረጡበት ሰዓት ነው።

ክፍሎችን መቀላቀል በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ የአቪዬሽን ታሪክ ያሳያል። የጀርመኑ ዩንከርስ 287 እ.ኤ.አ. በ1944 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር አካሉ የሄንከል 177፣ ጅራቱ የዩንከርስ 388፣ የፊት ጎማዎቹ ደግሞ ከተከሰከሱ የአሜሪካ ቢ-24 ቦምብ ጣዮች የተወሰዱ ነበሩ፤ በእርግጥ አዲስ የነበረው ወደ ፊት የተቀለበሰው ክንፉ ነው። በዲሴምበር 1984 የበረረው የአሜሪካው ኤክስ-29 የፊት አካሉን ከኤፍ-5ኤ፣ ዋና የማረፊያ ጎማዎቹን ከኤፍ-16 አግኝቷል። (ኤፍ-5 የኢትዮጵያ አየር ኃይል በኦጋዴን ጦርነት የተዋጋበት አውሮፕላን ስለሆነ ኪቱን የሚገዛ የእኛ ሰው አይጠፋም።) በሁለቱም ላይ መሐንዲሶቹ ክፍሎቹን ከሌላ ቦታ ቢያመጡም ስሌቱን ከሌላ ቦታ አላመጡም፤ ሞዴል ሠሪም ሊከተላቸው የሚገባው በዚህ ነው።

ምልክት፦ ሞዴሉ መጫወቻ ይመስላል፤ ትልቅ ይሁን ትንሽ መለየት ያስቸግራል

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ምጥጥናቸው (ሞዴሉ ከእውነተኛው አውሮፕላን የሚያንስበት ልክ፤ 1/72 ማለት 72 ጊዜ ያነሰ ነው) የተለያየ ኪቶች ሲቀላቀሉ መጠንን የሚናገሩ ክፍሎች ሳይነኩ መቅረታቸው ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ አብራሪ በ1/72 ምጥጥን 24 ሚሊሜትር ያህል፣ በ1/48 36 ሚሊሜትር ተኩል፣ በ1/32 ደግሞ 55 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ተመልካች ሳያውቀው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ሰው ነው፤ ሰውየው ባይኖር እንኳ መቀመጫውን፣ የኮክፒቱን (የአብራሪውን ክፍል) መስታወት፣ የመግቢያ በሩንና ጎማውን አይቶ ቁመቱን ይገምታል። ስለዚህ የ1/48 የኮክፒት መስታወት በ1/72 አካል ላይ ከተቀመጠ፣ የቀረው ሁሉ የተዋጣለት ቢሆንም አውሮፕላኑ ድንክ ሆኖ ይታያል።

መፍትሄው ምጥጥን አለመቀላቀል አይደለም፤ እንዲያውም በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስገርሙት ምናባዊ አውሮፕላኖች የሚወጡት ከተቀላቀለ ምጥጥን ነው። የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን የስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ስለሆነ በ1/72 ኪት ውስጥ 156 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ያው ክፍል በ1/48 ሲነበብ ሰባት ሜትር ተኩል ብቻ የሚረዝም የአነስተኛ እሽቅድድም አውሮፕላን ክንፍ ሆኖ ያገለግላል። በተቃራኒው የ1/144 የመንገደኛ አውሮፕላን 34 ሜትር ክንፍ በ1/72 ሲነበብ 17 ሜትር ነው፤ ይህም ለአነስተኛ ጄት ይስማማል። ሊጠበቅ የሚገባው ልዩነት ይህ ነው፦ ክንፍ፣ የሞተር ቀፎ፣ የነዳጅ ታንክና ጅራት መጠናቸውን አይናገሩም፤ በር፣ መስኮት፣ ጎማ፣ መቀመጫና የሪቬት (የብረት ማያያዣ ምስማር) መስመር ግን ይናገራሉ። ሁለተኞቹ በሙሉ ከተመረጠው አንድ ምጥጥን ብቻ ይምጡ። ሞዴሉ ተጣብቆ ካለቀ የተሳሳቱትን መስኮቶችና በሮች ደፍኖ፣ ለስልሶ፣ በትክክለኛው መጠን እንደገና መቅረጽ ይቻላል፤ የኮክፒቱ መስታወትና ጎማው ግን ከመለወጥ ሌላ መንገድ የላቸውም።

ምልክት፦ ሁለቱ አካላት የተጋጠሙበት ቦታ ደረጃ ይሠራል፤ ወይም ከተለሰለሰና ከተቀባ በኋላ መስመሩ ተመልሶ ይወጣል

እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቦታ ስለሚታዩ አንድ ችግር ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው።

ደረጃው የሚፈጠረው ስፋትን ብቻ ለክቶ በመቁረጥ ነው። የአንዱ አካል ቅርጽ ክብ፣ የሌላው ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ከሆነ በካሊፐር (በስፋት መለኪያ መሣሪያ) እኩል ሆነው ቢገኙም ትከሻቸው አይገናኝም። ከመቁረጥዎ በፊት ቀጭን ወረቀት በሁለቱም አካላት ዙሪያ ይጠምጥሙና ዙሪያቸው የሚቀራረብበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያም በዚያ ቦታ የካርቶን ቅርጽ አውጥተው አንዱን በሌላው ላይ ያስተያዩ። መጋዙ እንዳይንሸራተት ፕላስተር በዙሪያው መለጠፍና ግራና ቀኙ ተጣብቆ በደንብ ከደረቀ በኋላ መቁረጥ ይመረጣል። የተቆረጡትን ሁለት አፎች አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የፖሊስታይሪን (ኪቱ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ሉህ ዝጉና በመሃላቸው ቀዳዳ በስታችሁ የናስ ቱቦ ካሳለፋችሁ፣ ሙጫው ሳይነካ ገና ሁለቱ አካላት በአንድ መስመር ላይ ይቆማሉ።

ልዩነቱ ሊጠፋ ካልቻለ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ቀስ በቀስ የሚሸጋገርበት ማለስለሻ ርዝመት ይሰጠው። እኔ የምከተለው ልክ በአንድ ጎን ለሚኖር ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር ልዩነት ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ርዝመት መስጠት ነው፤ ይህ 11 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለት ሲሆን ከዚያ በላይ የተሰበረ መስመር ዓይን ይይዘዋል። ክፍተቱ የሚሞላው በፕላስቲክ ሰቆች ነው፤ ስቱኮ (ክፍተት መሙያ ሊጥ) የሚገባው በመጨረሻ፣ ለጭረት ብቻ ነው። አስቀድሞ ደረጃ የያዘ ሞዴል ላይ ትልቁን አካል እየሞረዱ ማሳነስ አጓጊ ቢሆንም የኪት ግድግዳ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ይበሳል፤ መጀመሪያ ከውስጥ በኢፖክሲ ሊጥ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ በሚጠነክር ሊጥ) መደገፍ አለበት።

ተመልሶ የሚወጣው መስመር ምክንያት ደግሞ ትዕግሥት ማጣት ነው። የፕላስቲክ ሙጫ የሚሠራው ፖሊስታይሪኑን አሟሙቶ በማዋሐድ ስለሆነ፣ ሟሟው ሙሉ በሙሉ እስኪተን ድረስ ፕላስቲኩ መሸብሸቡን ይቀጥላል፤ ወፍራም ስቱኮም እንዲሁ። ዛሬ ለስልሶ የነበረው መስመር ከሳምንታት በኋላ ጎድጉዶ የሚገኘው በዚህ ነው። ስቱኮን በስስ በስሱ እየደራረቡ ለእያንዳንዱ ንብርብር ጊዜ መስጠት፣ ወይም ክፍተቱን በሱፐር ግሉ መሙላት ችግሩን ያስቀራል። ሱፐር ግሉ አይሸበሸብም፤ ነገር ግን ውሎ ሲያድር ከፕላስቲኩ ይልቅ ስለሚጠነክርና የብርጭቆ ወረቀቱ ዙሪያውን በልቶ እሱን ጉብታ አድርጎ ስለሚተወው በዚያው ቀን መለስለስ አለበት።

ምልክት፦ ክንፉ የተለጠፈ ይመስላል

ከዚህ አንድ ቅሬታ ጀርባ አራት ምክንያቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ ተራ በተራ ማጣራት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የክንፉን ስፋት ይመርምሩ። በ1/72 ሞዴል ላይ እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር በእውኑ ዓለም ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ክንፉን ካሬ ባለው ደብተር ላይ ነድፎ፣ በአካሉ ውስጥ የሚያልፈውንም ጨምሮ፣ ካሬ ሴንቲሜትሮቹን ቆጥሮ ለሁለት ማካፈል በቂ ግምት ይሰጣል። ስፒትፋየር ለሦስት ቶን ገደማ ክብደቱ 22.5 ካሬ ሜትር ክንፍ ነበረው፤ ኤፍ-16 28 ካሬ ሜትር ያህል አለው፤ ኤፍ-104 በ18 ካሬ ሜትር ብቻ ሲበር ዋጋውን በከፍተኛ የማረፊያ ፍጥነት ከፍሏል። የእርስዎ ሁለት ሞተር ያለው ቦምብ ጣይ 15 ካሬ ሜትር ላይ ከቆመ ችግሩ ተገኝቷል፤ ክንፉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ ተጨማሪ ክፍል አስገብቶ ማስረዘም ያስተካክለዋል።

ሁለተኛው ቀጥ ያለ ክንፍ ተቆርጦ ወደ ኋላ ሲቀለበስ ነው። የክንፉ ጫፍና የቦምብ ማንጠልጠያዎቹ ከክንፉ ጋር አብረው ይዞራሉ፤ አየሩ ግን አልዞረም። ማንጠልጠያዎቹን አንስቶ ከአካሉ መሃል መስመር ጋር ትይዩ አድርጎ መመለስ፣ ጫፉንም በዚያው መስመር ቆርጦ እንደገና ማክበብ ግዴታ ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ክንፎች ወደ ላይ የማዘንበል ልክ አለመተካከሉ ነው፤ የኪቱ መሰኪያ ስለጠፋ ክንፉን የሚይዘው ሙጫ ብቻ ይሆናል። የናስ ዘንግ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው በአካሉ ውስጥ አሳልፎ፣ ከካርቶን በተቆረጠ አንድ ልክ ሁለቱንም ጎን መፈተሽ ይበቃል፤ ለስፒትፋየር ልኩ 6 ዲግሪ ነበር። አራተኛው ክንፉና አካሉ በሚገናኙበት ማዕዘን ማለስለሻ አለመኖሩ ሲሆን በኢፖክሲ ሊጥና በእርጥብ ጣት በቀላሉ ይሠራል።

ግራና ቀኙ እኩል ያልሆነ ክንፍ ስህተት ነው ብሎ መደምደም ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1941 ቻይና ውስጥ በቦምብ አንድ ክንፉን ያጣ ዲሲ-3 የመንገደኛ አውሮፕላን የዲሲ-2 ክንፍ ተገጥሞለት በርሯል፤ የተተካው ክንፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያጥር ስለነበር አውሮፕላኑን ዲሲ-ሁለት ተኩል ብለውታል። ይህ በ1/72 21 ሚሊሜትር ልዩነት ነው። ምክንያቱ በሞዴሉ ላይ ከታየ፣ ለምሳሌ የተተካው ክንፍ ቀለሙ ሌላ ከሆነ፣ ተመልካች ያምናል።

ምልክት፦ መንታ አካል ያለው አውሮፕላን ደንዳና ሆኖ ይታያል

ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖችን በመሃል ክንፍ ማጋጠም ከጀማሪ እስከ ባለሙያ ሁሉም የሚሞክረው ነው። ውጤቱ አጭርና ሰፊ የሚሆነው የክንፉ ስፋት ሲጨምር ጅራቱ ባለበት ስለሚቀር ነው፤ ጅራት የሚያረጋጋው በስፋቱ ብቻ ሳይሆን ከክንፉ ባለው ርቀትም ጭምር ነው። የሰሜን አሜሪካ አቪዬሽን መሐንዲሶች መንታውን ሙስታንግ፣ ፒ-82ን ሲሠሩ ከእያንዳንዱ ኮክፒት በስተኋላ 1.45 ሜትር አስረዝመዋል። በ1/72 20 ሚሊሜትር፣ በ1/48 30 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ ሁለት የፒ-51 (የነጠላው ሙስታንግ) ኪቶችን እንዳሉ ያጋጠመ ሰው ሞዴሉ ፒ-82ን የማይመስልበትን ምክንያት እዚህ ያገኘዋል። ከሌሎች ኪቶች ለሚሠራ መንታም ይህንኑ መጠን መነሻ ማድረግ ያዋጣል።

ፕሮፔለሮቹም ይታሰቡ። የፒ-82 የመጀመሪያ ናሙና ፕሮፔለሮቹ ወደ መሃሉ ክንፍ ሲጠጉ ወደ ላይ እንዲዞሩ ተደርገው ስለነበር የመሃሉ ክንፍ ማንሻ ኃይሉን አጥቶ አውሮፕላኑ አልነሳም ብሎ ነበር፤ የመዞሪያ አቅጣጫቸው ሲገለበጥ በረረ። ከሁለት ተመሳሳይ ኪቶች የሚወጡት ፕሮፔለሮች ግን ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ የተጠመዘዙ ናቸው። አንደኛውን ገልብጦ መሰካት ጥምዛዛውን አይለውጠውም፤ ምላጮቹን ቆርጦ በተቃራኒው ማዕዘን እንደገና መትከል ያስፈልጋል።

ምልክት፦ ሞዴሉ በጅራቱ ይቀመጣል፣ ወይም ፕሮፔለሩ መሬት ይነካል

የፊት ጎማ ባለው አውሮፕላን ዋናዎቹ ጎማዎች ከክብደት ማዕከሉ ጥቂት ወደ ኋላ መሆን አለባቸው፤ ማዕከሉ ደግሞ ቀጥ ባለ ክንፍ ላይ ከፊት ጠርዝ አንድ አራተኛው አካባቢ ይገኛል። አካሉ ከአንድ ኪት፣ ጎማው ያለበት ክንፍ ከሌላ ሲመጣ ይህ ግንኙነት ይፈርሳል። አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉንም በፕላስተር አያይዞ በዋናው ጎማ መስመር ላይ ማመዛዘንና አፍንጫው እስኪያዘነብል ክብደት መጨመር ይገባል። ለክብደቱ የኩሽኔታ ኳሶች ከእርሳስ ጥይት ይሻላሉ፤ እርሳስ በነጭ የእንጨት ሙጫ ከተያዘ ከዓመታት በኋላ እየዛገና እያበጠ አካሉን ሊሰነጥቀው ይችላል። አካሉ ከተዘጋ በኋላ የተገኘ ችግር በፊት ጎማው ጉድጓድ በኩል ብስ ከፍቶ ይፈታል።

የፕሮፔለሩን ርቀት በተመለከተ የአሜሪካ የትራንስፖርት አውሮፕላኖች ደንብ የፊት ጎማ ላለው አውሮፕላን 18፣ የጅራት ጎማ ላለው 23 ሴንቲሜትር ገደማ ከመሬት ዝቅተኛ ልክ ያዛል፤ በ1/72 2.5 እና 3.2 ሚሊሜትር ነው። ከዚህ ካነሰ እግሩን ከማስረዘም ምላጮቹን አሳጥሮ ቁጥራቸውን መጨመር ይቀላል፤ የእግር ማስቀመጫው ጉድጓድ ረዥም እግር አይውጥምና።

ምልክት፦ ክፍሉ ይላቀቃል፣ ወይም መስታወቱ ይጨልማል

ሬዚን (በቅርጽ ፈስሶ የሚጠነክር፣ አንዳንድ የሞዴል ክፍሎች የሚሠሩበት ቁስ) በፕላስቲክ ሙጫ አይያያዝም፤ በሳሙና ታጥቦ በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ ይጣበቅ፤ ሲለሰልስም ብናኙ ለሳንባ ስለማይበጅ በውሃና በማስክ ይሠራ። ጥርት ያለውን መስታወት የሚያጨልመው የሱፐር ግሉ ትነት ስለሆነ ለእሱ ነጭ ሙጫ ይጠቀሙ።

ምልክት፦ ከተቀባ በኋላም «ይህማ የእገሌ ኪት ነው» ይባላል

ሰው አውሮፕላንን የሚለየው በኮክፒቱ መስታወትና በቋሚው ጅራት ነው፤ ክንፍና ሞተር ተለውጠው እነዚህ ሁለቱ ከቀሩ ማንነቱ አይደበቅም። ከሁለቱ አንዱን መለወጥ ብዙ ሥራ ይቆጥባል። ሌላው አጋላጭ ገጽታው ነው፦ በአሮጌ ኪት ላይ የፓነል መስመሮች (የአውሮፕላኑ ቆዳ ሉሆች የሚገናኙባቸው መስመሮች) ጎልተው የወጡ፣ በአዲሱ ላይ ደግሞ የተቀረጹ ናቸው። ጎልተው የወጡትን በሙሉ አስወግዶ፣ ማስመሪያ በሚሆን ወፍራም ተለጣፊ እየተመሩ እንደ አዲሱ ኪት መቅረጽ እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን መተው አይቻልም። ከዚያም ሞዴሉን በሙሉ አንድ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ያልብሱት፤ የተለያየ ቀለም ያላቸው ፕላስቲኮች የሚደብቁት ጉድለት ሁሉ ይወጣል።

የካሙፍላዥ ወሰን በመጋጠሚያው ላይ እንዳያልቅ ይጠንቀቁ፤ ሁለት ቀለሞች በትክክል መጋዙ ባለፈበት ቦታ ከተገናኙ ያን ሁሉ ማለስለስ ከንቱ ያደርጉታል። የቀለም ጠለፉ መጋጠሚያውን በሰያፍ ይሻገረው። የአገር ምልክትና ቁጥር የሚመረጠው ደግሞ አውሮፕላኑ አገልግሏል የሚባልበት ዓመት ከተወሰነ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የሚበር ምናባዊ አውሮፕላን በ1960ዎቹ የወጣ ሚሳይል ተሸክሞ ከታየ ተመልካች ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አያምንም።