የሰፈር ድመቶችን እንዴት እንቆጥራለን?

ማታ ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ አሥር ድመት ስላየን በሰፈሩ ያሉት አሥር ናቸው ማለት አይደለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጋደመችውስ? ቱቦ ውስጥ ያደፈጠችውስ? የቆጠራው ዋና ሥራ ካየናቸው ተነሥቶ ያላየናቸውን መገመት ነው። ካሜራ ያለው ስልክና ደብተር ይበቃል።

በቅድሚያ በአንድ ሰዓት ተዞሮ የሚያልቅ መንገድ ይምረጡ። ከሥጋ ቤቱና ከቆሻሻ ገንዳው ሌላ ጭር ያለ መንገድም ይግባበት፤ ድመት የሞላበትን ብቻ የዞረ ሰው ቁጥሩን ማጋነኑ አይቀርም። ሰዓቱ ንጋት ወይም አመሻሽ ይሁን።

ያገኟትን ሁሉ በግራም በቀኝም ጎኗ ፎቶ ያንሡ። እኔ አንድ ጎን ብቻ እያነሣሁ አንዷን ቡራቡሬ ሁለት ጊዜ ቆጥሬያታለሁ፤ በግራ ትከሻዋ ላይ ጥቁር ነቁጥ አለ፣ ቀኝ ጎኗ ግን ነጭ ብቻ ነው። የሚያስቸግሩት ጥቁሮቹ ናቸው፤ የተቀደደ ጆሮ ወይም የተቆረጠ ጅራት ይፈልጉ። ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ የተቀላቀለባት ድመት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሴት ናት። የጆሮ ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆረጥ ደግሞ በብዙ አገሮች የማምከን ቀዶ ሕክምና ምልክት ነው።

ምግብ አይወርውሩ፤ የጎረቤት ሰፈር ድመት ሁሉ ይመጣና ቆጠራው ይበላሻል። ለመያዝም አይሞክሩ። ከነከሰችዎ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ መንገድ በዚያው ሰዓት ይድገሙ። ብዙ ከቆዩ የሚሞተው፣ የሚሰደደው ይበዛል። ግልገሎችን ለብቻ ይመዝግቡ። አሁን ስሌቱ፦ በመጀመሪያው ዙር 20፣ በሁለተኛው 18 ድመት አይተው ከ18ቱ 9ኙ የቀድሞዎቹ ከሆኑ፣ 20 በ18 ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል 40 ይመጣል። ግምትዎ ይኸው ነው።

ባለቤት ያላቸውን ለመለየት ነዋሪውን መጠየቅ ግድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጀምሮ በ2021 የተጠናቀቀው ቆጠራም ካሜራ ከመትከል ባሻገር ነዋሪዎችን ጠይቋል።

በሁለተኛው ዙር አንድም የቀድሞ ድመት ካላዩ ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ሦስተኛ ዙር መውጣት ነው።