ሉዊቪል ገብቶ ለመኖር፦ ከቤት በፊት ሺፍት፣ ከኪራይ በፊት ወንዙ

ሉዊቪል ኬንተኪ ውስጥ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ኪራዩ እንደ ዲሲና ሲያትል አያንቅም። ሥራ አለ። ሐበሻው እንደዚያ ባይበዛም እንጀራ አይጠፋም። ከትልልቆቹ ከተሞች ኑሮ አልገፋ ብሎት የሚመጣ አለ፣ በዲቪ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚገባም አለ።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ቤት ይከራያል፣ ከዚያ ሥራ ይፈልጋል፣ ከዚያ መኪና ይገዛል። እዚህ ከተማ ይህ ቅደም ተከተል ያከስራል። መጀመሪያ በስንት ሰዓት እንደምትሠሩ ይታወቅ። ቀጥሎ ከወንዙ በየትኛው ወገን እንደምትኖሩ ወስኑ። ቤት ፍለጋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

1. ሥራውንና ሰዓቱን ለዩ

ፎርድ እዚህ ሁለት ፋብሪካ አለው። የጂኢ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ የሚሠራበት ሰፊ ግቢም እዚሁ ነው፤ ባለቤቱ ከ2016 ወዲህ የቻይናው ሃየር ነው። ሆስፒታሎች አሉ። ወንዙን ተሻግሮ ኢንዲያና ውስጥ ደግሞ መጋዘን በመጋዘን ነው። ለአዲስ ገቢ ግን ቶሎ የሚገኘው የዩፒኤስ (የዕቃ አመላላሹ ኩባንያ) የሌሊት ሥራ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አውሮፕላኖቹ ማታ ከየአቅጣጫው መጥተው መሐመድ አሊ አየር ማረፊያ ያርፋሉ። (ቦክሰኛው በ1942 እዚህ ተወለደ፤ አየር ማረፊያው በስሙ የተሰየመው በ2019 ነው።) ዕቃው ይራገፋል፣ ይለያል፣ እንደገና ይጫናል፣ ሊነጋ ሲል አውሮፕላኖቹ ይነሳሉ። ሁሉም ነገር የሚያልቀው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ሥራው ፓርት ታይም ነው። በ2023 ዩፒኤስና ቲምስተርስ የተባለው ዩኒየን በተፈራረሙት ውል የፓርት ታይም መነሻ በሰዓት 21 ዶላር ሆኗል።

ሰው የሚያየው 21 ዶላሩን ነው። እኔ ብሆን የማየው ሌላ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጤና ኢንሹራንስ ነው። የተወሰኑ ወራት መጠበቅ ቢኖርበትም ለፓርት ታይም ሠራተኛም ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ብዙ ቦታ አይገኝም። ሁለተኛው ትምህርት ነው። ሜትሮፖሊታን ኮሌጅ የሚባል ከ1998 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም አለ። በዚህ ፕሮግራም ሌሊት የሚሠራ ሰው በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ወይም በጄፈርሰን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሲማር ክፍያው ይሸፈንለታል። ፕሮግራሙ የራሱ ካምፓስ የለውም፤ የምትማሩት እነዚሁ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ልብ በሉ፦ ፕሮግራሙ ለኬንተኪ ነዋሪ ነው፣ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሥራውን የለቀቀ ሰውም ጥቅሙን ያጣል። ለመማር ያሰበ ሰው ማዶ ኢንዲያና ቤት ከመከራየቱ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ይህን ሥራ አትሞክሩት። ሌላ ሥራ አይጠፋም። የምትገቡበት ከሆነ ደግሞ ርካሽ ቦት ጫማ አትግዙ። ከደሞዝ በፊት እግር ያልቃል። ለመኝታ ቤቱም ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። የሥራ መልእክት ላይ 11 ፒኤም ሲባል በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚያምታታው ቀኑ ነው። የሰኞ ሌሊት ሥራ የሚያልቀው ማክሰኞ ጠዋት ነውና የሐኪም ወይም የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ስትይዙ “ሰኞ ሥራ አለኝ፣ ማክሰኞ ነፃ ነኝ” አትበሉ። ማክሰኞ ጠዋት እንቅልፍ ያላየ ሰው ናችሁ። መኪና ይዞ ሃይዌይ ለመውጣትም ጥሩ ሰዓት አይደለም።

2. ወንዙን በወረቀት ላይ ተሻገሩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

ከሉዊቪል ማዶ ጄፈርሰንቪል፣ ክላርክስቪልና ኒው አልባኒ አሉ። ሦስቱም ኢንዲያና ናቸው። በዓይን ስታዩት አንድ ከተማ ይመስላል። በወረቀት ግን ሌላ ስቴት፣ ሌላ ታክስ፣ ሌላ መንጃ ፈቃድ ነው።

ከድልድዩ እንጀምር። ኬኔዲና ሊንከን የሚባሉት ጎን ለጎን ያሉ የሃይዌይ 65 ድልድዮች፣ እንዲሁም በምሥራቅ በኩል ያለው ሉዊስ ኤንድ ክላርክ ያስከፍላሉ። ሁለተኛ መንገድ (ሰከንድ ስትሪት) ላይ ያለው የክላርክ መታሰቢያ ድልድይ ነፃ ነው። የሃይዌይ 64ቱ ሸርማን ሚንተንም ነፃ ነው። ቢግ ፎር የሚባለው አሮጌ የባቡር ድልድይ አሁን የእግረኛና የብስክሌት ነው፤ እሁድ ልጆች ይዞ ለመሄድ ግሩም ነው።

በሚያስከፍሉት ላይ ቆሞ ብር የሚቀበል ሰው የለም። ካሜራ ፕሌታችሁን (ታርጋችሁን) ያነሳል፣ ሂሳቡ በፖስታ ይመጣል። ስትሄዱም ስትመለሱም ይቆጥራል። ክፍያው በ2016 መጨረሻ ሲጀመር መስታወት ላይ የሚለጠፈው መሣሪያ ላለው ትንሽ መኪና 2 ዶላር፣ ምንም ለሌለው 4 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን በመጀመሪያው ሳምንት አውጡ። በወር 40 ጊዜ ለሚያቋርጥ ቅናሽ አለ፣ እሱም የሚሠራው አካውንት ላለው ነው።

የፖስታው ነገር ደግሞ ወጥመድ ነው። ሂሳቡ የሚላከው ፕሌቱ ወደተመዘገበበት አድራሻ ነው። መኪናችሁ አሁንም በቨርጂኒያ አድራሻ ከሆነ፣ ወረቀቱ እዚያ ይሄዳል፣ እናንተ አታዩትም፣ ቅጣቱ ይከመራል። የጥቂት ዶላር ነገር ወደ መቶዎች ሲያድግ የምታውቁት ፕሌት ለማደስ ስትሄዱ ነው። አድራሻ መቀየር እንግዲህ ከሁሉ ይቅደም።

ቀጥሎ ታክሱ። ሉዊቪል ውስጥ የሚሠራ ሰው ከፌዴራልና ከስቴት ሌላ የከተማ ታክስ ይቆረጥበታል። የከተማው ነዋሪ ከመቶ 2.2 ይከፍላል። ከከተማው ውጭ የሚኖር 1.45 ነው፤ ልዩነቱ ለትምህርት ቤት የሚሄደው 0.75 ነው። “ማዶ ኑሩ፣ ታክስ ይቀንሳል” የሚሉት ይህን ይዘው ነው።

እስቲ እናስላው። በሳምንት 20 ሰዓት በ21 ዶላር የሚሠራ ሰው 420 ዶላር ያገኛል። የከተማው ነዋሪ ከሆነ 9.24 ይቆረጥበታል። ማዶ ከኖረ 6.09። የተረፈው በሳምንት 3.15 ዶላር ነው። በሚያስከፍለው ድልድይ አምስት ሌሊት ሄዶ ከተመለሰ፣ በ2016ቱ ዋጋ እንኳ 20 ዶላር ያወጣል። ነፃውን ድልድይ እጠቀማለሁ ካላችሁ ጥሩ፣ ግን ቤታችሁ ለነፃው ድልድይ ቅርብ ይሁን። ሰው በእንቅልፍ ሰዓት ዞሮ መሄድ ይሰለቸዋል፣ ሳያስበው 65ን ይይዛል።

የስቴቱም አለ። ኬንተኪ በ2026 ከመቶ 3.5 ታስከፍላለች፣ ኢንዲያና 2.95። ኢንዲያና ያነሰች ትመስላለች። እዚያ ግን እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን ታክስ ይጨምርበታል፣ ሲጨመር ብልጫው ይጠፋል። ኢንዲያና ኖራችሁ ሉዊቪል የምትሠሩ ከሆነ፣ በኢንዲያና ፎርም ላይ ለሌላ ከተማ የከፈላችሁት የሚታሰብበት ቦታ አለ። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ይህን ጠቅሳችሁ ጠይቁት፣ ብዙዎቹ ራሳቸው አያነሱትም።

ሁለቱ ስቴቶች ስምምነት ስላላቸው የደሞዝ የስቴት ታክስ የምትከፍሉት ለምትኖሩበት ስቴት ነው። ይህ በራሱ አይሆንም። ኢንዲያና ኖሮ ኬንተኪ የሚሠራ ሰው ኬንተኪ እንዳትቆርጥበት ፎርም ሞልቶ ለመሥሪያ ቤቱ መስጠት አለበት። ካልሞላ ኬንተኪ ዓመቱን ሙሉ ትቆርጣለች፣ ኢንዲያና ደግሞ ሚያዝያ ላይ ድርሻዬን ትላለች። ገንዘቡ ይመለሳል፣ ግን እስኪመለስ ከኪስ ከፍላችሁ ነው። የመጀመሪያው ፔይ ስተብ (የደሞዝ ዝርዝር ወረቀት) ሲመጣ ገልብጣችሁ እዩት፤ የማትኖሩበት ስቴት ስም እዚያ ካለ በዚያው ቀን ወደ ሰው ኃይል ቢሮው ሂዱ።

ሥራችሁ ማዶ መጋዘን ውስጥ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። የሉዊቪል የከተማ ታክስ የሚቆረጠው ሉዊቪል ውስጥ ከተሠራ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ሉዊቪል እየኖራችሁ ኢንዲያና ብትሠሩ እሱ አይመለከታችሁም፤ የኢንዲያናው ካውንቲ ታክስ ግን ሊከተላችሁ ይችላል።

የእኔ አስተያየት? ወንዙን በየቀኑ የማታቋርጡበትን ወገን ምረጡ። ሌሊት አየር ማረፊያው ጋ ለሚሠራ ኬንተኪ፣ ጄፈርሰንቪል መጋዘን ለሚሠራ ኢንዲያና።

3. አሁን ቤት ፈልጉ

ለአየር ማረፊያው የሚቀርበው ደቡቡ ነው። ቢችሞንትና ኢሮኳይ አካባቢ ከብዙ አገር የመጣ ስደተኛ ስላለ የውጭ ምግብ ሱቅም፣ አስተርጓሚም አይጠፋም። ምሥራቁ ውድ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። የክሬዲት (የብድር አከፋፈል) ታሪክ ለሌለው ሰው ከትልቅ አፓርታማ ኩባንያ ይልቅ ሁለት ሦስት ቤት ያለው ግለሰብ ይሻላል። ደሞዝ ወረቀትና ዲፖዚት ይዞ መነጋገር ይቻላል።

ወንዙ ይሞላል። በጥር 1937 አብዛኛው ከተማ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው የጎርፍ መከላከያ ግድግዳው የተሠራው። በሚያዝያ 2025ም ወንዙ ሞልቶ ዳር ዳር ያሉ መንገዶች ተዘግተዋል። ቤዝመንት የምትከራዩ ከሆነ የቤቱ ግድግዳ ሥር ውሃ ቆሞ የተወው ምልክት እንዳለ እዩ፣ አሽትቱትም። የተከራይ ኢንሹራንስ የጎርፍን ጉዳት አይሸፍንም።

4. መኪና

ታርክ የሚባለው አውቶቡስ አለ፣ ቀን ይሠራል። በገንዘብ ችግር መስመር እየቀነሰ ስለሆነ ለሌሊት ሥራ አትመኑት። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ጋር እየተዳበሉ ቤንዚን መጋራት ከችኮላ ግዢ ይሻላል።

ያገለገለ መኪና ከግለሰብ ስትገዙ ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) መንገድ ላይ ተቀብላችሁ አትለያዩ። ፊርማው ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሕጋዊ ሰው) ይፈልጋል። የሚሻለው ሻጩን ይዞ ካውንቲ ክለርክ ቢሮ መሄድ ነው። እዚያ ስትደርሱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “የዚህ መኪና ታክስ ተከፍሏል?” ኬንተኪ መኪናን እንደ ንብረት በየዓመቱ ታክስ ታስከፍላለች። የዓመቱ ዕዳ የሚወድቀው ጃንዋሪ 1 መኪናው በስሙ ባለው ሰው ላይ ነው። ሻጩ ያልከፈለው ካለ ጉዳያችሁ እዚያው መስኮት ላይ ይቆማል፣ ሻጩ አጠገባችሁ ቢኖር እሱ ይክፈል። ስሙን ለማዞርም ከመቶ 6 ታክስ አለ፤ ዋጋ ስትከራከሩ አስቡት።

ከሌላ ስቴት መኪና ይዛችሁ ከመጣችሁ ከምዝገባው በፊት ሸሪፉ ያየዋል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሸሪፉ ሳያየው ክለርኩ ጋ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል። መንጃ ፈቃድ እዚያ አይሰጥም፣ ሌላ ቢሮ ነው፣ ቀጠሮ በኢንተርኔት ያዙ። የፕሌት እድሳት ደግሞ በልደት ወራችሁ ነው፤ የልደት ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ሐበሻ ሁሉ በአንድ ወር ይሰለፋል።

5. የከተማውን ካላንደር እወቁ

ሚያዝያ ላይ ታንደር የሚባል ትልቅ የርችት ቀን አለ። ርችቱ የሚተኮሰው ከሁለተኛ መንገዱ ድልድይ ላይ ስለሆነ ያ ነፃ ድልድይ ይዘጋል፣ መሃል ከተማውም ይቆለፋል። በዚያ ቀን ሺፍት ያለው ሰው ቀደም ብሎ ይውጣ። የፀደይ አበባ ሲፈነዳ ደግሞ አለርጂ የማያውቅ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ መድኃኒቱ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይሸጣል።

የሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ የኬንተኪ ደርቢ የፈረስ ውድድር ነው። በዚያ ሳምንት የምግብና የመኪና ማቆሚያ ሥራ ይበዛል፣ ተጨማሪ ገቢ ለሚፈልግ ጥሩ ጊዜ ነው። ከደርቢው በፊት ያለው አርብ ኦክስ ይባላል። በዚያ ቀን የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፤ ሐሙስ ሌሊት ሠርቶ የሚገባ ወላጅ ጠዋት ልጆቹን የሚይዝለት ሰው ከወዲሁ ይፈልግ።