የኩቢዝም ስዕል በእነማን እጅ እንዳለፈ እንዴት ይጣራል

ለገጣፎ ቤት ገዝታችሁ ሳሎኑ ውስጥ ያ ኩቢዝም የሚሉት፣ ነገሮችን ሰባብሮ የሚያሳይ ቁርጥርጥ ያለ የጊታርና ጠርሙስ ስዕል ተሰቅሎ ካገኛችሁ መጀመሪያ በስልክ ካሜራ ዙም አድርጉት፣ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች በረድፍ ከታዩ ፖስተር ነው፣ በቃ አለቀ።

ካልሆነ ንፁህ ጨርቅ አንጥፉና ገልብጡት። ዋናው ነገር ያለው ጀርባው ላይ ነው፣ የጋለሪ ወረቀት፣ ማህተም፣ በእርሳስ የተፃፈ ቁጥር፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ ግን አቧራ ነው ብላችሁ በእርጥብ ጨርቅ እንዳትነኩት (የኛ ሰፈር አቧራ እንደሚያስፈትን አውቃለሁ)።

ከዛ ባለቤቶቹን በአመት ደርድሩ። ለምሳሌ የኩቢዝም ጀማሪዎቹ የፒካሶና የብራክ ስዕል ሻጭ የነበረው ካንዋይለር ፓሪስ ይስራ እንጂ ጀርመናዊ ስለነበር በአንደኛው የአለም ጦርነት የፈረንሳይ መንግስት የጠላት ንብረት ብሎ ስዕሎቹን ወረሰበት፣ ከ1921 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ድሩኦ በሚባለው የጨረታ ቤት ተቸበቸቡ፣ ስለዚህ የሱ ጋለሪ ወረቀት ካለበት የነዛን ጨረታዎች ካታሎግ ፈልጋችሁ መጠኑንና ርዕሱን አመሳክሩ።

በባለቤቶቹ ዝርዝር ላይ ከ1933 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ክፍተት ካለ ግን ተጠንቀቁ፣ ናዚዎች ከአይሁድ ሰብሳቢዎች ብዙ ዘርፈዋል። ሻጩ "ከውጭ የመጣ ነው" ካላችሁ ደረሰኝ ጠይቁት።